ዋሻ የተከራየ ነብር

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ በር ነው። የቤት በር አይደለም፤ የቤት በር ቢሆን በመስኮትም ይገባል። የጭነት በር ነው፤ ሲያትል፣ ሶዶ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ አሮጌ መጋዘን ጀርባ፣ በሰንሰለት እየተጎተተ ወደ ላይ የሚጠቀለል፣ የከባድ መኪና ቂጥ ልክ የሚገጥምበት የሲሚንቶ መድረክ ያለው። ሌላም ሌላም ወጥቶብኛል፤ እሱን ግን በሩ ላይ ደምሬ ነው የያዝኩት።

ለአንድ በር ይህን ያህል ምን ያስለፈልፈዋል የሚል አይጠፋም። እኔ የምነግደው ጤፍ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ ነው፤ የምሸጠውም ለባለ ሱቆችና ለምግብ ቤቶች። ዕቃው ፓሌት በሚሉት የእንጨት መደብ ላይ ተጠቅልሎ ይመጣል። የጭነት በር ካለህ ሹፌሩ መኪናውን አስጠግቶ፣ አራግፎ፣ አስፈርሞህ ይሄዳል። ከሌለህ መንገድ ዳር ጥሎልህ ይሄዳል፤ የሲያትል ዝናብ ደግሞ ጤፍ ነው ብሎ አይራራም። በር የሌለው ጅምላ ነጋዴ ጉልት ቸርቻሪ ነው። ጉልት ተቀምጬ አውቃለሁ፤ በልጅነቴ፣ መርካቶ፣ ጆንያ ላይ። አልናፈቀኝም።

አበልጄ የመጣው በዚያ በር ነው። የመጨረሻ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት ሰው ነው፤ በዲቪ መጥቶ ቡሪየን የሚኖር፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን። ሚስቱ በርበሬ አዘጋጅታ ትሸጣለች። አፓርታማቸው ውስጥ ቅመሙን ማመስ ስትጀምር ጎረቤቱ ሁሉ እያስነጠሰ ደረጃ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን እሳት የተነሳ መስሏቸው እሳት አደጋ ጠሩባቸው። በማግስቱ መጋዘን መጣ።

«አበልጄ፣ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ጥግ ለሁለት ሳምንት ብትሰጠኝ? ሌላ ቦታ እስካገኝ።»

«ውሰዳት።»

«ኪራዩን እንግዲህ...»

«ምን ኪራይ! ከክርስትና ልጄ አፍ ላይ ነው ኪራይ የምቀበለው?»

እዚህ ላይ ንግድ የሚያውቅ ሰው ቆም ብሎ ያስብ። ኪራይ የተውኩት በደግነት ብቻ አልነበረም። መጋዘኑን የተከራየሁበት ውል ሌላ ሰው አስጠግቶ ማከራየትን ይከለክላል፤ ኪራይ ካልተቀበልኩ ደግሞ አላከራየሁም። ሁለተኛው ምክንያት የመርካቶ ዕውቀት ነው። ኪራይ የከፈለህ ሰው ከፍሎ ጨርሷል፤ ያልከፈለህ ሰው ግን ሲከፍልህ ይኖራል።

ከፈለም። ሥራ የሚገባው ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍተው እሱ ሆነ። ቁልፍ ሰጠሁት። መኪና ሲመጣ የሚያስጠጋው እሱ፣ የሚያራግፈው እሱ፣ የሚፈርመው እሱ፣ በረዶ ሲጥል መድረኩን የሚጠርገው እሱ። እኔ ቁርሴን በልቼ፣ ካፒቶል ሂል ሰፈር ያሉትን ምግብ ቤቶች ዞሬ ትዕዛዝ ተቀብዬ፣ እኩለ ቀን ላይ ብቅ እላለሁ።

«አበልጄ፣ ደህና አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሁሉም ገብቷል።»

ሁለቱ ሳምንት አምስት ዓመት ሆነ። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። ክፉ ቃል ለመናገርም እኮ ኪራይ መክፈል ያስፈልጋል።

ከዚያ ወገቡ ተጎዳ። የሰው ሻንጣ ነው ወይስ የእኔ የጤፍ ጆንያ የጎዳው የሚለው እስካሁን አልተለየም፤ እኔ በበኩሌ ሻንጣ ነው ባይ ነኝ። የኤርፖርቱን ሥራ ተወ፤ ቤተሰቡ በሙሉ የዚያች ጥግ በርበሬ ላይ ወደቀ። ጠዋት በሩን መክፈቱን ግን አልተወም። ሰንሰለቱን በሁለት እጁ እየሳበ፣ መሃል ላይ ቆም ብሎ እየተነፈሰ ይከፍታል አሉ። አላየሁም። በዚያ ሰዓት ቁርስ ላይ ነኝ።

ባለ ሕንጻው አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው፤ ጨዋ፣ አንድ ያረጀ ውሻ ከእግሩ የማይለየው። እኔና እሱ ውል የተፈራረምነውም፣ የምንገናኘውም በኢሜይል ነው። ውሌ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ዐቢይ ጾም እንደገባ ጻፈልኝ። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ንግድ ያለ ይመስለኛል፣ ውላችን የሚፈቅደው አንድ ነው፣ ለሚቀጥለው ውል ሁለተኛው ይውጣ፣ ካልሆነ ቦታውን ቢራ ጠማቂዎች ጠይቀውኛል፣ ይላል። ማስፈራራት አይደለም። ጨዋ ሰው አያስፈራራም፤ ቀን ይነግርሃል። ቀኑ ደግሞ ከሆሳዕና በፊት ነበር።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ለአበልጄ ነገርኩት። ጥጓን ካለቀቀ በሩን ላጣ እንደሆነ አስረዳሁት።

«እሺ አበልጄ» አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሽማግሌ ላከብኝ።

የኛን ሰው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀድሞ ሽማግሌ የላከ ተበዳይ ነው። የተላከበት፣ በኪሱ ቤሳ ባይኖር እንኳ፣ ጌታ ነው። ጌታ ደግሞ ይለመናል፤ ልመናውን ካልሰማ ይወራበታል። ደንበኞቼ በሙሉ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅና በአንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። ወሬው እሁድ ከተነሳ ሰኞ ሽሮዬን የሚገዛ የለም።

ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ነጭ ጋቢያቸውን በዝናብ ካፖርት ላይ የደረቡ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ታክሲ የሚነዳ ጎልማሳ ነው። ሦስተኛው ሽማግሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ሦስት ለመሙላት ነው የመጡት።

«ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ» ብዬ ወንበር ሳብኩ።

«አንቀመጥም።»

«ኧረ በእግዜር! ጉልበትዎን ያምዎታል።»

«ያመኛል። በጣም ነው የሚያመኝ። ግን እሺ ካላልከን አንቀመጥም።»

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«እሱን ስንቀመጥ እንነግርሃለን።»

አዲስ ነገር አልተሠራብኝም፤ የታወቀ ወግ ነው። እኔም ለሌላ ሰው ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ እንዲሁ ቆሜ አውቃለሁ። ለቆመው ሰው ቀላል ነገር ነው። ወንበር ይዞ ለሚጠብቀው ነው ጭንቁ። ውጭ ባቡር እየጮኸ አለፈ። አባባ አንድ እጃቸውን ጤፉ ላይ አሳረፉ። ቀኝ እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ጋሼ» አለ ታክሲ ነጂው፣ «መኪናዬን ቀዩ መስመር ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት። ቶው አድርገው፣ ጎትተው ሊወስዱብኝ ነው። ሶ፣ እሺ ይበሉንና እንገላገል።»

«አንተ ደግሞ ዝም በል» አሉት አባባ። «ይቁም መኪናህ። እኔስ ቆሜ የለ?»

እግራቸውን አየሁት። በሩን አየሁት። አበልጄ በሩ ሥር፣ በርበሬው ጥግ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«እሺ» አልኩ።

ዕድሜዬን በሙሉ ሌላ ሰው እንዲያደርገው ስመኝ የኖርኩትን ነገር ራሴ አደረግሁት፤ ያላየሁትን ዕቃ ገዛሁ። አባባ ደግሞ አቀማመጣቸው ጉልበቱን የሚያመው ሰው አቀማመጥ አልመሰለኝም።

ከተቀመጡ በኋላ በቀጥታ ወደ ነገሩ አልገቡም። ተረት ጀመሩ። እኔ ተረት የተማርኩት እሳት ዳር አይደለም፤ ከደላላ ነው። መርካቶ አብሬው የምውል አንድ ደላላ ነበር፣ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት እንስሳ የሚጠራ። አንበሳ ከጠራ ዋጋው ይወደዳል፤ ጦጣ ከጠራ ዕቃው እንከን አለው ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ተረት ሲጀምር እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ይሄዳል። ያን ቀንም ሄደ።

«አህያ ረግረግ ገባች» አሉ አባባ። «አያ ጅቦ በዚያ ሲያልፍ አያት። እንደ ልማዱ አልበላትም። ጅራቷን ነክሶ፣ ጎትቶ፣ አወጣት። ደግ ጅብ ተገኘ ተብሎ አገር ጉድ አለ። ታዲያ ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ደጇ ይመጣል። ‹እመት አህያ፣ ደህና ዋልሽ?› ይላታል። ‹ደህና፣ አያ ጅቦ።› ‹ያ ረግረግ እንዴት ያለ ክፉ ነበር!› ‹ክፉ ነበር፣ አያ ጅቦ።› ይህችን ብሎ ይሄዳል። አይነካትም። በማግስቱ ደግሞ ይመጣል። አህያዋ ከሳች። ሣሩ አልዋጥ አላት። ላም ጎረቤቷ፣ ‹ምን ሆነሻል? አልነከሰሽ፣ አልቧጨረሽ፣ እንዲያውም ያወጣሽ እሱ› ብትላት፣ ‹እኅቴ› አለቻት፣ ‹ረግረጉ ይሻለኝ ነበር። ረግረግ ደህና ዋልሽ አይልም።›»

ታክሲ ነጂው ስልኩን እያየ ሳቀ። ሦስተኛው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። አበልጄ አንገቱን አላቀናም።

ማንም የእኔን ስም አልጠራም። የተረት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ጅቡ ማነው ብለህ ከጠየቅህ አንተ ነህ። ዝም ካልክም አንተ ነህ። ስለዚህ በተረት ለመመለስ ቆረጥኩ። ለመርካቶ ልጅ ተረት አይቸግረውም።

«እኔም አንዲት ልበል» አልኩ። «አንድ ነብር ነበር። ዋሻ አለው። ዝናብ መጣና አንዲት ሽኮኮ አስጠጋ። ሽኮኮዋ ወለደች፤ ልጆቿም ወለዱ። ዋሻው ሽኮኮ በሽኮኮ ሆነ። ነብሩ ማታ ሲገባ አንዷን እንዳይረግጥ በጣቱ ጫፍ መሄድ ጀመረ። እንዳይደነግጡ አያገሳም። ሲተኛ ጅራቱን አይዘረጋም። ሲያስነጥሰው ደጅ ወጥቶ ነው። አንድ ቀን፣ ‹እባካችሁ ትንሽ ጠጋ በሉልኝ› ቢል፣ ዱሩ በሙሉ፣ ‹ኡኡ! ነብሩ ሽኮኮ ፈጀ!› ብሎ ጮኸ።»

ተረቴን ወደድኳት። አባባም ወደዷት።

«ቆንጆ ናት» አሉ። «ነብሩ ታዲያ ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«አየህ ልጄ» አሉ በቀስታ፣ «እኛ ነብር ነህ አላልንህም።»

«ኦኬ፣ አለቀ!» አለ ታክሲ ነጂው፤ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ተረት የሚያወራ ሰው ሁሉ በገዛ ተረቱ ውስጥ አይጥ ነው፣ ፍየል ነው፣ ክንፏ የተሰበረ ወፍ ነው። ሚሊየነሩም አይጥ ነው። «እኔ ጅቡ ነኝ» ብሎ ተረት የጀመረ ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም። እኔ ብቻ፣ ብልጡ፣ ነብር ሆኜ ገባሁበት። ለነብር የሚፈርድ ዳኛ ደግሞ የለም፤ ጥርሱን አይተው ይጨርሳሉ።

«ዋሻው እኮ የነብሩ አይደለም!» አልኩ። «ተከራይቶ ነው። ባለ ዋሻው ሁለታቸውንም ሊያስወጣቸው ነው!»

«ዋሻ የተከራየ ነብር ሰምቼ አላውቅም» አሉ አባባ፤ ከልባቸው ነው። የተረት ትምህርት ቀላል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ተረት ውስጥ ኪራይ የለም፣ ውል የለም፣ ቢራ ጠማቂ የለም። ኃይል ያለው ይራራል፣ ደካማው ያመሰግናል፣ ያልቃል።

ያስገዙኝ ዕቃ ይኸው ነበር፤ አበልጄን እስከ ፋሲካ እንዳላንቀሳቅሰው። በርበሬ የሚሸጠው ለፋሲካ ዶሮ ነው፤ ከበዓሉ በኋላ በራሱ ይለቃል። እሺ ብለሃል፣ አሉ። ብያለሁ። ባለ ሕንጻው የሰጠኝ ቀን ከሆሳዕና በፊት፣ እኔ የሰጠሁት ቃል እስከ ፋሲካ። ታክሲው እንኳ ቶው ሳይደረግ ቆየ። ከዚያ ግቢ በሰላም የወጣው እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ካፒቶል ሂል አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ከሥራ ስትመጣ ነገርኳት።

«ምን እንደሆነ ሳትሰማ እሺ አልክ?»

«እግራቸው ተንቀጠቀጠ።»

«የአባባ እግር? ባለፈው እሁድ እኮ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው ነው ያስቀደሱት። መቋሚያቸውን ለእኔ ነው የሰጡኝ፣ ደክሞሻል ብለው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምን ታደርጋለህ? ነብር አይደለህ? ተኛ።»

አልተኛሁም። ለባለ ሕንጻው እውነቱን ብጽፍ ውል ማፍረሴን በገዛ እጄ ፈርሜ መስጠቴ ነው። አበልጄን ባስወጣ ለሽማግሌ የሰጠሁትን ቃል በላሁ፤ ቃል የበላ ሰው ጤፍ ለማን ይሸጣል? ሌላ መጋዘን ብፈልግ በዚያ ዋጋ በር ያለው ሶዶ ውስጥ የለም፤ ጠይቄያለሁ። ዞር ባልኩበት ሁሉ ግድግዳ ነው፤ ያለችው አንዲት በር ደግሞ ልትሄድ የተነሳችው እሷው ናት። መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ነገር የልጅ ሥራ ነው፤ ጥጓ ፊት ለፊት ሰማያዊ ሸራ አሰቀልኩ። ባለ ሕንጻው ቢመጣ በርበሬውን እንዳያይ። ሸራውን የሰቀለው አበልጄ ነው፣ ወገቡን በአንድ እጁ ይዞ። እኔ መሰላሉን ያዝኩለት።

ባለ ሕንጻው ባለው ቀን መጣ፤ ጠዋት። ስልኬ ሲጠራ ጣቴ ፍርፍር ውስጥ ነበር።

«አበልጄ፣ ሰውዬው መጥቷል። ቶሎ ና።»

ስደርስ በሩ ተከፍቷል፣ ሸራው ተገልጧል፣ ውሻው ከበርበሬው ማዳበሪያ አጠገብ ተቀምጦ ያስነጥሳል። ባለ ሕንጻውና አበልጄ እንደ ድሮ ወዳጅ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመው ያወራሉ። ሰውዬው ሲያየኝ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አውቅሃለሁ» አለኝ በእንግሊዝኛ፤ «እኩለ ቀን ላይ እየመጣህ ዕቃ የምትወስደው ሰው ነህ።»

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ይህ ሰው ለአምስት ዓመት ጠዋት ጠዋት ውሻውን ይዞ በዚያ ሲያልፍ በሩን ሲከፍት ያየው፣ በረዶ ሲጠርግ ያየው፣ እጁን አንስቶ ሰላም ያለው አበልጄን ነው። ስለዚህ በኢሜይል የሚጽፍለት ተከራይ እሱ ነው ብሎ ኖሯል። ይውጣልኝ ያለው ሁለተኛው ንግድ ደግሞ በርበሬው አይደለም። ከኋላ ያሉት ፓሌቶች ናቸው። እኔ ነኝ።

ተከራዩ እኔ መሆኔን ነገርኩት። አላመነኝም። ወደ አበልጄ ዞረ፤ አበልጄ «አዎ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው ፊቱ ቀላ፤ ውሻውን ደባበሰ፤ አሰበ። ከዚያ ሳይቆጣ፣ እንዲያውም አዝኖ ተናገረ።

«ወረቀት ላይ ያለው ሰው እዚህ የለም። እዚህ ያለው ሰው ወረቀት ላይ የለም። እኔ የምፈልገው በሩን የሚከፍተውን ነው።»

ውሉን ለአበልጄ ሊሰጠው ነው፤ ካልፈለገ ለቢራ ጠማቂዎቹ። መልሱን ከመሄዱ በፊት ይፈልጋል። ውሻውን ይዞ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

እኔና አበልጄ ተያየን።

«ምን ልበለው?» አለኝ።

እምቢ በለው ብዬው ቢሆን እምቢ ይለው ነበር። ያቃጠለኝ እሱ ነው። አምስት ዓመት ያጠራቀምኩት ውለታ በሙሉ በአንዲት ቃል ሊመነዘርልኝ እጄ ላይ ነበር። ብመነዝረው በሩ ለቢራ ነው፤ እሱ ከነበርበሬው ውጭ፣ እኔ ከነጤፌ ውጭ፣ ሁለታችንም ዝናብ ላይ። ከንፈሩ ደርቋል። አባባ ያወሯት አህያ ትዝ አለችኝ፤ ይህ ሰው አሁን እንኳ የሚጠይቀው እኔን ነው።

«ፈርም» አልኩት።

«አበልጄ...»

«ፈርም ስልህ! ሰውዬው ሞተሩን አስነስቷል።»

ሄዶ ፈረመ። እኔ ፓሌቶቼን መቁጠር ጀመርኩ፤ ስንት እንደሆኑ አውቃለሁ፤ እጄ ሥራ እንዲኖረው ነው።

ከፋሲካ በኋላ፣ በሳምንቱ፣ አበልጄ ቤቴ መጣ። ብቻውን ነው፤ ሽማግሌ የለም። ወገቡን ይዞ በር ላይ ቆመ።

«ግባ፣ ተቀመጥ እንጂ።»

«እሺ ካላልከኝ አልቀመጥም።»

«ምኑን?»

«እሱን ስቀመጥ እነግርሃለሁ።»

«ጠይቀው!» አለች ባለቤቴ ከወጥ ቤት። «አሁን እንኳ ጠይቀው!»

ወገቡን አየሁት። የአባባን እግር ያየሁበትን ዓይን ይዤ፣ በደንብ አየሁት። ይኼኛው እውነተኛ ነው።

«እሺ» አልኩ።

ሁለት ጊዜ ተንፍሶ ተቀመጠ። «ጥጓን ትወስዳታለህ» አለኝ። «ለሰውዬው ጤፉን የሚያቀርብልኝ እሱ ነው ብዬዋለሁ፤ ፈቅዷል። ዕቃህ በበሩ ይገባል።»

«ኪራዩን እንግዲህ...»

«ምን ኪራይ! ከልጄ የክርስትና አባት ነው ኪራይ የምቀበለው?»

ይህን ዕቃ አውቀዋለሁ። እኔው ነኝ የሸጥኩለት። ዋጋውንም ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አሁን እኩለ ቀን ላይ ብቅ የሚለው እሱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለወገቡ ሐኪም ጋ ይሄዳል።

«አበልጄ፣ ደህና አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሁሉም ገብቷል።»

ባለ ሕንጻው ከውሻው ጋር ሲያልፍ እጁን ያነሳልኛል። እኔም አነሳለታለሁ።

በሩ የእሱ ነው። ጥጓ የእኔ ናት። ኪራይ የለም። ጠዋት የሚከፍተው እኔ ነኝ።